ስልካችሁን ወሬ አስተዉት፦ የአንድ ምሽት ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ጌንስቪል ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ከጎግል ኢሜይል ደረሰው። ፖሊስ የአካውንትህን መረጃ ጠይቋል፣ እንዳንሰጥ ከፈለግህ በ7 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሂድ ይላል። ሰውየው ብስክሌት ይነዳል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ የሚቆጥርለት አፕ ስልኩ ላይ አለ። አንድ ቤት በተዘረፈበት ዕለት በዚያ ቤት በኩል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ አልፏል። ፖሊስ ስሙን አያውቅም ነበር። የጠየቀው በዚያ ሰዓት በዚያ አካባቢ የነበሩ ስልኮችን ነው። ሰውየው ጠበቃ አቁሞ ነው ከጣጣው የወጣው።

ልብ በሉ፣ ማንም ተከትሎት አልሄደም። መረጃውን የሰበሰበው ራሱ ወዶ የጫነው አፕ ነው። ፖሊስ የመጣው በኋላ፣ የተጠራቀመውን ሊወስድ ነው። ስለ መንግሥት ክትትል ስናወራ ብዙ ጊዜ የሚታየን ጆሮ ላይ ማዳመጫ ያደረገ ሰላይ ነው። እሱም አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ከራሳችን ስልክ ሴቲንግ ነው። ያልተሰበሰበ መረጃ አይጠየቅም፣ አይሸጥም፣ አይሰረቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ቻርጅ የሞላ ስልክ፣ ዋይፋይ ካለ ዋይፋይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። አዎ፣ ወረቀት። የሜኑዎቹን ስም በእንግሊዝኛው እንደሚነበቡ እጽፋለሁ፣ አብዛኞቻችን ስልካችንን በእንግሊዝኛ ነውና የምንጠቀመው። በሳምሰንግና በቴክኖ፣ በአሮጌና በአዲስ ስልክ ቦታቸው ትንሽ ይለያያል። ካጣችሁት ሴቲንግ ላይ ያለችውን የመፈለጊያ ሳጥን ተጠቀሙ።

ከሁሉ በፊት፦ ከማን ነው የምትጠበቁት?

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ስልኩን ከፍቶ ለአማቱ ሰጥቶ ገበያ አይሄድም። ሁላችንም ከሆነ ሰው የምንጠብቀው ነገር አለን። ጥያቄው ከማን ነው የሚለው ነው።

ከነጋዴ ከሆነ፣ ማለትም ከማስታወቂያ ኩባንያዎችና ከአፖች፣ ይህ መመሪያ ብዙውን ይሸፍንላችኋል። ከሌባ፣ ከአጭበርባሪ ወይም ስልካችሁን ከሚበረብር የቅርብ ሰው ከሆነም እንዲሁ። ከመንግሥት ከሆነ ግን ቁርጡን ልንገራችሁ። በጅምላ ከሚሰበሰበው ውስጥ የእናንተን ድርሻ መቀነስ ትችላላችሁ። አንድ መንግሥት እናንተን በስም ለይቶ፣ ገንዘብ አውጥቶ ከመጣ ግን ሴቲንግ ብቻውን አያድናችሁም። ጋዜጠኛ፣ የፓርቲ ሰው ወይም የመብት ተሟጋች ከሆናችሁ ይህን እንደ መጀመሪያ ብቻ ቁጠሩት።

1. አካውንቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነው።

ስልክ ስትገዙ የሱቁ ልጅ «ኢሜይል ልክፈትልሽ?» ይላል። ያለ ጎግል አካውንት ፕሌይ ስቶር አይሠራም። ልጁ ጣቱ ፈጣን ነው፤ ስም ያስገባል፣ ስልክ ቁጥራችሁን ወይም ስማችሁንና 123ን ፓስወርድ ያደርጋል፣ አልቋል። አንዳንዱ ለመቸኮል ሲል ቀድሞ የከፈተውን አንድ አካውንት ለብዙ ደንበኛ ይጭናል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን የዚያን አካውንት ፓስወርድ የያዘ ሰው ወደ ጎግል የሚጫኑ ፎቶዎቻችሁን ያያል፣ የስልክ ማውጫችሁን ያያል፣ ስልኩ የት እንዳለ በካርታ ያያል፣ ከፈለገም ከሩቅ ሆኖ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ይህ ሁሉ ያለ ምንም የስለላ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ ሴቲንግ ግቡ፣ «ጎግል» የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ «ማኔጅ ዩር ጎግል አካውንት»፣ ቀጥሎ «ሴኩሪቲ»። እዚያ ውስጥ አራት ነገር ታያላችሁ።

- «ሪከቨሪ ፎን» እና «ሪከቨሪ ኢሜይል»። የእናንተ ናቸው? የማታውቁት ቁጥር ካለ አጥፉት።
- «ዩር ዲቫይስስ»። አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ነው። የማታውቁትን «ሳይን አውት» በሉት።
- ፓስወርድ። አዲስና ረዘም ያለ አድርጉ። አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ጥሩ ፓስወርድ ይወጣቸዋል። ወረቀቱ ላይ ጻፉትና የቤት ካርታ የምታስቀምጡበት አስቀምጡት። ሌባ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፣ ቁምሳጥናችሁን አይፈትሽም።
- «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»። ይህ ከበራ ፓስወርዳችሁን ያወቀ ሰው ብቻውን መግባት አይችልም። ኮዱን ከኤስኤምኤስ ይልቅ ከኦተንቲኬተር አፕ (ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ የሚያወጣ አፕ) መቀበል ይሻላል። ኤስኤምኤስ ሲሙ ላለበት ሁሉ ይደርሳል። ግን ከምንም ኤስኤምኤሱም ይበቃል። «ባካፕ ኮድስ» የሚለውን ከፍታችሁ የሚሰጧችሁን ኮዶች እዚያው ወረቀት ላይ ገልብጡ።

ፓስወርዱን ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ ወይም አካውንቱ የጋራ ከመሰላችሁ አትታገሉ። አዲስ ክፈቱ፣ ስልክ ቁጥሮቻችሁን ወደ አዲሱ አዛውሩ፣ አሮጌውን ከስልኩ አውጡ።

እዚያው ሳላችሁ የስክሪን መቆለፊያውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር አድርጉ። የተወለዳችሁበት ዓመት አይሁን። በጣት የሚሳለው ፓተርን መስተዋቱ ላይ ዱካው ይቀራል። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክት ይዘት እንዳያሳይም አድርጉ፣ አለበለዚያ የባንክ ኮድ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማንም ያነበዋል። ሲም ካርዱንም በፒን ቆልፉት። ስልካችሁን የሰረቀ ሰው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ከትቶ ኮድ እንዳይቀበልበት ነው። የሲሙ ፒን መጀመሪያ ስትገዙ በተሰጣችሁ ካርድ ላይ አለ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ስለሚጠይቅ በግምት አትሞክሩ።

2. የማስታወቂያ ቁጥራችሁን ደምስሱ፣ ፈቃዶችን ንጠቁ

እያንዳንዱ ስልክ ለማስታወቂያ የሚያገለግል መለያ ቁጥር አለው። አፖቹ የሰበሰቡትን የሚያገጣጥሙት በእሱ ነው። ጠዋት የጸሎት አፕ፣ ቀን የአየር ሁኔታ አፕ፣ ማታ ጌም የከፈተው ሰው አንድ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ «ጎግል»፣ «አድስ»፣ ከዚያ «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ»። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ትራኪንግ»፣ እዚያ ያለውን ማብሪያ አጥፉ። ሁለቱም ከደቂቃ አይዘሉም።

ይህ ከመንግሥት ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት የአንድን ሰው የስልክ ሎኬሽን ታሪክ ከቴሌ ኩባንያ ለመውሰድ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን ከገበያ ቢገዛውስ? በጥር 2021 የአሜሪካ የመከላከያ ስለላ ድርጅት ለኮንግረስ በላከው ጽሑፍ ከነጋዴ የተገዛ የስልክ ሎኬሽን እንደሚጠቀም፣ ለዚህም ማዘዣ ያስፈልገኛል ብሎ እንደማያምን ገልጿል። ያንን ሎኬሽን የሚለቅመው ማነው? ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሶላት ሰዓት አፕ፣ ኤክስ ሞድ ለሚባል ኩባንያ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ይሰጥ እንደነበር በኅዳር 2020 ጋዜጠኞች አወጡት። የኤክስ ሞድ ደንበኞች ውስጥ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። አፑ ወዲያው ግንኙነቱን አቋርጫለሁ አለ። ቂብላ ለማወቅ ሎኬሽን የፈቀደ ሰው ይህን መቼ አሰበው?

ስለዚህ ሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ»፣ «ፐርሚሽን ማኔጀር» ግቡ። በሎኬሽን ጀምሩ። «ኦል ዘ ታይም» የሚለው ሥር ያለውን አፕ ሁሉ ወደ «ኦንሊ ዋይል ዩዚንግ» አውርዱት። ታክሲ የምትጠሩበት አፕ ሎኬሽን የግድ ይፈልጋል፣ ግን ከወረዳችሁ በኋላ የት እንደምትሄዱ ማወቅ አያስፈልገውም። የአየር ሁኔታ አፕ ከተማችሁን ካወቀ ይበቃዋል፣ «ዩዝ ፕሪሳይስ ሎኬሽን» የሚለውን አጥፉበት። ከዚያ ማይክራፎን፣ ካሜራ፣ ኤስኤምኤስ። የባትሪ መብራት አፕ ኤስኤምኤስ ማንበብ ከፈለገ አትከራከሩት፣ አጥፉት።

«ኮንታክትስ» ላይ ግን ቆም በሉ። እሱን ስትፈቅዱ የምትሰጡት የራሳችሁን አይደለም፣ የእናታችሁን፣ የአለቃችሁንና የጎረቤታችሁን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥር ጭምር፣ በነጻ ተበትኖ ነበር። የወጣው ጓደኛ በስልክ ማውጫ መፈለጊያ በሆነው አገልግሎት በኩል ነው።

ካርዳችሁ ወይም ዳታችሁ ያለ ምክንያት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ከካርቶኑ ሲወጡ ጀምሮ የተጫነ ቫይረስ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶች ላይ ያስመዘግበው ነበር። አምራቹ ችግሩን በአቅርቦት መስመሩ ላይ ባለ ሌላ ድርጅት ላይ ነው ያሳበበው። ፕሌይ ስቶር ግቡ፣ ፎቷችሁን ንኩ፣ «ፕሌይ ፕሮቴክት» ብላችሁ «ስካን» አስደርጉ። የሲስተም አፕዴት ሲመጣም «በኋላ» አትበሉት።

3. የጎግልን ማህደር ባዶ አድርጉ

በድጋሚ ጎግል አካውንታችሁ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ፕራይቬሲ» የሚለውን ክፈቱ። «ዌብ ኤንድ አፕ አክቲቪቲ»፣ «ታይምላይን» እና «ዩቲዩብ ሂስትሪ» ይመጡላችኋል። ከማጥፋታችሁ በፊት አንዴ አንብቡት። የዛሬ ሁለት ዓመት በሌሊት የፈለጋችሁት የሕመም ምልክት፣ ከነሰዓቱ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከዚያ «ኦቶ ዲሊት» ብላችሁ 3 ወር አድርጉት፣ ወይም ጭራሽ «ተርን ኦፍ»። ታይምላይን የማይጠቅማችሁ ከሆነ አጥፉትና የቆየውንም ደምስሱ።

4. ቴሌግራም

ለእኛ ቴሌግራም ከመልእክት መላኪያም በላይ ነው። ዜናው፣ ሥራ ፍለጋው፣ የዕድሩ ስብሰባ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ እዚያ ነው። ስለዚህ እዚህ ጊዜ ስጡ።

መጀመሪያ የምትከፍቱት «ሴቲንግ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ነው። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። የመጀመሪያው የያዛችሁት ስልክ ነው። ከሥሩ ሌላ ካለ፣ ለምሳሌ «ቴሌግራም ዌብ፣ ክሮም፣ አዲስ አበባ» የሚል፣ ያ ማን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ሲቪ ፕሪንት ልታደርጉ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈታችሁ፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ሂሳብ ከፍላችሁ ወጣችሁ። ቴሌግራሙ ግን እዚያው ክፍት ነው። ከዚያ ወዲህ የላካችሁትንም የደረሳችሁንም የሱቁ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የምትለዋን ቀይ ጽሑፍ ንኩ። ለወደፊቱ ለማተም ፋይሉን በፍላሽ ውሰዱ።

ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፦

- «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ። «ለልጄ ውድድር ድምፅ ስጡልኝ»፣ «በስህተት ኮድ ልኬብህ ነበር» እያሉ አካውንት የሚነጥቁ ሰዎች ኮዱን ቢያገኙ እንኳ ይህ በር ይዘጋባቸዋል። የመግቢያ ኮድ ለማንም አይነገርም፣ ለወንድምም። የወንድማችሁ አካውንት ተሰርቆ የሚጽፍላችሁ ሌባው ሊሆን ይችላልና።
- «ፎን ነምበር» ላይ «ኖባዲ» ምረጡ፣ ከሥሩ ደግሞ በቁጥር ሊያገኛችሁ የሚችለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉ። «ኤቭሪባዲ» ላይ ትታችሁት ትልልቅ ግሩፕ ውስጥ ብትገቡ ቁጥራችሁን ለማታውቁት ሕዝብ አሳያችሁ ማለት ነው።
- «ኮልስ» ውስጥ «ፒር ቱ ፒር» የሚለውን ለማታውቁት ሰው ዝጉ። ክፍት ከሆነ የሚደውልላችሁ ሰው የኢንተርኔት አድራሻችሁን ሊያይ ይችላል።
- ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ የሚችለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉ። የማታውቁት የፖለቲካ ግሩፕ አባላት ዝርዝር ውስጥ ስማችሁ ተገኝቶ ማስረዳት ከመጀመር ይሻላል።
- «ሲንክ ኮንታክትስ» ይጥፋ፣ የተጫነውም ይደምሰስ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ተራው የቴሌግራም ቻት፣ ግሩፕም ሆነ ቻናል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ የሰርቨሩ ቁልፍም በኩባንያው እጅ ነው። ከሁለታችሁ በቀር ማንም እንዳያነበው ከፈለጋችሁ የሰውየውን ስም ነክታችሁ «ስታርት ሲክሬት ቻት» ማለት አለባችሁ። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2024 ፓሪስ አጠገብ ከተያዘ በኋላ፣ በመስከረም ላይ ኩባንያው ደንቡን ቀይሯል። ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ደንብ የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ለባለሥልጣናት ይሰጣል። «ቴሌግራም ለመንግሥት አይሰጥም» የሚለው ወሬ እዚያ ላይ አበቃ።

ቦቶችም አሉ። «ስታርት» ስትሉት ቦቱ ስማችሁንና ዩዘርኔማችሁን ያያል። ስልክ ቁጥራችሁን ግን የሚያገኘው «ሼር ኮንታክት» የምትለዋን ስትጫኑ ብቻ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ለማንበብ ቁጥር አያስፈልግም።

5. ተራ ጥሪ፣ ዋትስአፕ፣ ሲግናል

ተራ የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ በቴሌ ኩባንያው በኩል ያልፋሉ፣ ለኩባንያው የተመሰጠሩ አይደሉም። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ማለት ነው። ይዘቱን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። አስቸኳይ ሲሆን ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ አሁን የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) አስቀድሞ ፈቅዶ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ ይችላል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። የባንክ ፒን፣ የሐኪም ውጤት፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ በኤስኤምኤስ እንዳትልኩ ነው።

ዋትስአፕ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያመሰጥራል። ቀዳዳው ባካፑ ነው። ጎግል ድራይቭ ላይ የሚቀመጠው ቅጂ በራሱ አልተመሰጠረም። «ቻትስ»፣ «ቻት ባካፕ»፣ «ኤንድ ቱ ኤንድ ኢንክሪፕትድ ባካፕ» ብላችሁ አብሩት፣ ፓስወርዱንም ወረቀታችሁ ላይ አስፍሩ፤ ከረሳችሁት ዋትስአፕም አይመልስላችሁም። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውንም ልክ እንደ ቴሌግራሙ ፈትሹ። በባልና ሚስት ወይም በፍቅረኛሞች መካከል ለሚደረገው ስለላ አንዱ በር እሱ ነው።

እውነተኛ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ንግግር ግን ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ይሻላል። ምክንያቴ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ በማዘዣ መረጃ ሲጠይቁት የሰጠው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ አልነበረውም። ከ2024 ጀምሮ ቁጥር ሳትሰጡ በዩዘርኔም መገናኘትም ይቻላል። የትኛውም አፕ ግን ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ስክሪን ሾት ከማንሳት አያግደውም።

ስልክ ደውሎ «ይህን ቁጥር ምታ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትምቱ። ጥሪያችሁን ወደ ራሱ አዙሮ በድምፅ የሚመጣ ኮድ ሊቀበል ነው። ጥሪያችሁ የተዛወረ ከመሰላችሁ *#21# ብላችሁ ማየት፣ ##002# ብላችሁ ማጥፋት ይቻላል።

6. ፋይልና ሊንክ፦ ሰላዩ የሚገባበት በር

እዚህ ላይ ነው ማዳመጫ ያደረገው ሰላይ የሚመጣው። ታሪኩም የራሳችን ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ፣ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ተገኝቷል፤ የስካይፕ ጥሪዎቹን ይቀዳ ነበር። የገባው በአንድ የዎርድ ፋይል ነው። ፋይሉም በቀጥታ ከጠላት አልመጣለትም፤ ከሚያውቀው ሰው ፎርዋርድ ተደርጎ ነው። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ ክሱን ዘጋው። የዲጂታል ስለላን የሚመረምረው የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም መሣሪያ መታደናቸውን፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ በውጭ አገር ያሉ ተቃዋሚዎች በእስራኤሉ ኩባንያ ሳይበርቢት መሣሪያ መታደናቸውን አጋልጧል። በኋለኛው ጊዜ ማጥመጃው ተራ ነበር። ቪዲዮ የሚያሳይ የሚመስል ድረ ገጽ ይከፈታል፣ «ለማየት አዶቢ ፍላሽ አድሱ» ይላል፣ የሚወርደው ግን ስለላው ነው።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር፦

ያልጠበቃችሁት ፋይል ከምታውቁት ሰው ቢመጣም በሌላ መንገድ ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉ። የዎርድ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል አጠራጣሪ ከሆነ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ከመክፈት ጎግል ድራይቭ ላይ ጭናችሁ እዚያው እዩት። በእርግጥ ይዘቱን ጎግል ያየዋል፣ ግን ማሽናችሁ ላይ አይሮጥም። ቪዲዮ ለማየት ፕሮግራም ጫኑ የሚል ገጽ ዝጉ። በቴሌግራም የሚላክ «ኤፒኬ» ፋይል (የአፕ መጫኛ)፣ «ነጻ ፕሪሚየም» ቢልም «የባንኩ አዲስ አፕ» ቢልም፣ አይጫንም። አይፎን ያላችሁና በሥራችሁ ምክንያት ልትታደኑ የምትችሉ «ሎክዳውን ሞድ» የሚለውን አብሩ፤ አንዳንድ ነገር ይጎድላል፣ ይቻላል።

7. ቪፒኤን

በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲዘጉ ያገኘነውን ቪፒኤን ሁሉ ጫንን። ቪፒኤን የተዘጋ ይከፍታል፣ የምትገቡበትንም ድረ ገጽ ከቴሌ ይሸፍናል። ግን ያንኑ ሁሉ ለቪፒኤኑ ባለቤት ያሳያል። ፌስቡክ ራሱ ኦናቮ የሚባል ነጻ ቪፒኤን ነበረው። «እንጠብቃችሁ» እያለ ሰዎች የትኛውን አፕ እንደሚጠቀሙ ይሰበስብ ነበር። አፕል በ2018 አስወጣው። የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2023 የሜታን (የፌስቡክ ባለቤት) ሁለት ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ።

ስለዚህ በ2023 የጫናችኋቸውን አሮጌ ቪፒኤኖች ዛሬ አጥፉ። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ባለቤቱ የታወቀ አንድ ብቻ ያዙ፤ ፕሮቶን ነጻ አማራጭ አለው። ኤምሬትስ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ተጠንቀቁ። የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ዝግ ነው፣ ቪፒኤንን ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ መጠቀም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። የአገሩ ሕግ የፈቀደውን መደወያ ተጠቀሙ።

8. መታወቂያችሁን እንደ ፓስወርድ ያዙት

ፋይዳ ስትመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ሰጥታችኋል። ፓስወርድ ይቀየራል፣ አሻራ አይቀየርም። እሱን እኛ መቆጣጠር አንችልም፣ የካርዱን ፎቶ ግን እንችላለን። ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ለቤት ኪራይ ወይም ለሥራ ቅጂ ከተጠየቃችሁ ፎቶው ላይ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ» ብላችሁ ቀኑንና የተቀባዩን ስም ጻፉበት። በቴሌግራም ከላካችሁት ሥራው ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን አጥፉት። ጋለሪያችሁ ውስጥ የተቀመጠ የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶ ካለም ወደ ተቆለፈ ፎልደር አስገቡት።

ቤታችሁ የተነሳ ፎቶ ላይ ደግሞ ሎኬሽን ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ሎኬሽን ታግስ» ይጥፋ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ይህን ያጠፉታል፣ እንደ «ፋይል» ስትልኩ ግን እንዳለ ይሄዳል።

9. ጠይቁ

የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችሁን የያዘ ድርጅት ምን እንደያዘ እንዲያሳውቃችሁ፣ የተሳሳተውን እንዲያርም፣ በሕጉ በተቀመጡ ሁኔታዎችም እንዲያጠፋ መጠየቅ ትችላላችሁ። አውሮፓ ያላችሁ መብታችሁ ከዚህም የጠነከረ ነው። በኢሜይል «ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ቅጂ ላኩልኝ» ካላችሁ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። አንዴ ሞክሩት። የሚመጣው ፋይል ውፍረት ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል።

10. የድሮው ቁጥር

ይህ በተለይ ከአገር ለወጣችሁ ነው። አዲስ አበባ ሳላችሁ የከፈታችሁት ቴሌግራም፣ ጂሜይልና ፌስቡክ የታሰረው በ09 ወይም በ07 ቁጥራችሁ ላይ ነው። ካርድ ሳይሞላ የቆየ ቁጥር ይዘጋል፣ ቆይቶም ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሊከፍት ቁጥሩን ሲያስገባ የእናንተ አካውንት ይመጣለታል፣ ኮዱም የሚላከው ወደ እሱ ሲም ነው።

ቁጥሩ ገና እጃችሁ ላይ እያለ ቴሌግራም ውስጥ ቁጥራችሁን ነክታችሁ «ቼንጅ ነምበር» በሉና ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ ቻቶቻችሁ አብረው ይሄዳሉ። ዋትስአፕም ተመሳሳይ ነገር «አካውንት» ሥር አለው። ከዚያ ባንካችሁን፣ ቴሌብርን፣ ጂሜይልንና ፌስቡክን በየተራ። ሲሙ አገር ቤት ወንድማችሁ ጋ ከሆነ ኮድ ሲመጣ ወዲያው እንዲያነብላችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ሰዓት ተቃጠሩ፤ ኮዱ ቶሎ ያልቃል።